የጤና ፍትሃዊነትና የፖሊሲ ዕድሎች በአፍሪካ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ለቡ፣ ጀሞ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ አካባቢ ያሉ ልጆች ወደ አፍሪካ የጤና ጉባኤ፣ ሥራና ትምህርት እንዴት እንደሚገባ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ጠያቂዎቹ ግን አይመሳሰሉም። በሕብረተሰብ ጤና ተመርቆ ሥራ ያላገኘ አለ። ጤና ጣቢያ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራች ነርስ አለች። ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። ሕግ ተምሮ የጤና ጉዳይ የሚያንገበግበውም አለ። እኔ የምኖረውም የምሠራውም እዚሁ ነው፣ በዚሁ ሙያ። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። "ዓ.ም." ካላልኩ በስተቀር ቀኖቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የጤና ፍትሃዊነት የሚባለው ነገር እኛን ሰፈር ምን አገባው? የድሃ ገጠር ጉዳይ አይደለም እንዴ?

የገጠር ጉዳይ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ 97 በመቶ፣ አፋር ደግሞ 15 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ተሻሽሏል፣ ክፍተቱ ግን እንዲህ ሰፊ ነበር።

ነገር ግን "አዲስ አበባ 97" ሲባል ሁላችንም ከአንድ ሣህን የምንበላ ይመስላል። አይደለም። ቆሼን አስታውሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሞቱት እነማን ናቸው? የከተማው ሁሉ ቆሻሻ የሚጣልበት ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ከዚያው ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውና ፍሳሹ ከብቶቻችንንና ውሃችንን ጎዳ ብለው ተቃወሙ፣ ተዘጋ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። እስቲ አስቡት፣ መሃል ከተማ የሚኖር ሰው ቆሻሻውን ከበሩ ላይ አውጥቶ ይረሳዋል፣ ጉዳቱ የት ይውረድ የሚለው ክርክር ግን ያለው በከተማው ዳርና በገበሬው መካከል ነው። የአቃቂ ወንዝም እንደዚያው ነው። ከላይ የፋብሪካና የመፀዳጃ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል፣ ከታች ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፣ አትክልቱ ደግሞ ተመልሶ ለሁላችንም ገበያ ይወጣል።

ፍትሃዊነት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ጉዳቱ ማን ላይ ያርፋል፣ አገልግሎቱ ማን ጋ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሲወሰን ማን ይጠየቃል። ይህንን ከሆቴል አዳራሽ ይልቅ የከተማ ዳር ሰው ያውቀዋል። እኔ የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው፦ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የሚጎድለው እናንተ ያላችሁ እውቀት ነው፣ እናንተ የሚጎድላችሁ ደግሞ መግቢያውን ማወቅ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ጉባኤዎች የትኞቹ ናቸው?

በጣም ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም መከታተል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። እኔ ብትጠይቁኝ እነዚህን ያዙ።

የመጀመሪያው በአፍሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል፣ ማለትም አፍሪካ ሲዲሲ፣ የሚዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሕብረተሰብ ጤና ጉባኤ በአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት ተጀመረ፣ በ2022 ኪጋሊ፣ በ2023 ሉሳካ፣ በ2025 ደርባን ተካሄደ። ሚኒስትሮቹም፣ ተመራማሪዎቹም፣ ወጣቶቹም ይመጣሉ። ከዋናው ጉባኤ በፊት ለወጣቶች ብቻ የሚደረግ ቅድመ ጉባኤም ይዘጋጃል፣ ለጀማሪ ከዋናው ይልቅ እሱ ይሻላል እላለሁ፣ ሰው ያዳምጣችኋል።

ሁለተኛው አምሬፍ የሚባለው የአፍሪካ የጤና ድርጅት የሚያዘጋጀው የአፍሪካ የጤና አጀንዳ ጉባኤ ነው። በ2023ም በ2025ም መጋቢት ላይ ኪጋሊ ነበር፣ በፈረንጆቹ መጋቢት ማለቴ ነው። እዚያ የመሠረታዊ ጤናና የማህበረሰብ ጉዳይ ይበዛል።

ኤች አይ ቪ ላይ የምትሠሩ አይካሳን፣ ማለትም የአፍሪካን የኤድስና የአባላዘር በሽታዎች ጉባኤ፣ ታውቁታላችሁ። በ2011 እዚሁ አዲስ አበባ ተደርጎ ነበር፣ በ2025 ደግሞ አክራ።

ከሁሉም ግን ቅርባችን ያለውና ሰው የሚረሳው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ማህበር ዓመታዊ ጉባኤ ነው። ቪዛ የለ፣ አውሮፕላን የለ። የመጀመሪያ ሥራችሁን እዚያ አቅርቡ። አህጉራዊው ጉባኤ ላይ "ከዚህ በፊት የት አቀረባችሁ?" ስትባሉ መልስ ይኖራችኋል።

አፍሪካ ሲዲሲ እውነት እዚህ ሃይሌ ጋርመንት ጋ ነው? ሄጄ መግባት እችላለሁ?

አዎ፣ እዚሁ ነው። ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ ከአፍሪካ ኅብረት ጊቢ ነበር። በጥር 2023 ደግሞ በቻይና ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት በከተማው ደቡብ ዳር፣ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተመረቀ። ከጀሞ ወይ ከለቡ በታክሲ ብዙ አይደለም። የ55 አገራት ወረርሽኝ የሚከታተል ተቋም ሠፈራችን ውስጥ አለ ማለት ነው፣ ብዙ የአካባቢው ሰው ግን በአጠገቡ እያለፈ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ዝም ብሎ መግባት ግን አይቻልም። ጥበቃው የዲፕሎማቲክ ነው፣ የግብዣ ደብዳቤ ወይም የምታገኙት ሰው ስም ያስፈልጋል። ሲቪ ይዛችሁ በር ላይ አትቁሙ፣ ማንም አይቀበላችሁም፣ ድካም ብቻ ነው። ቅጥሩ በሙሉ የሚሄደው በአፍሪካ ኅብረት የቅጥር ድረ ገጽ በኩል ነው። እዚያ መለያ ክፈቱ፣ መረጃችሁን ሙሉ፣ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር አመልክቱ። በር ከመቆም ይልቅ ብዙ ዌቢናሮቻቸውን በስልክ ተከታተሉ፣ ጥያቄ ጠይቁ። እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም ይተረጎማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኅብረቱ ቅጥርን በአባል አገራት ኮታ ያስባል። "ቢሮው አገራችን ስለሆነ ይቀጥሩናል" ማለት ስህተት ነው። ሠፈሩ ጥቅም የሚሰጣችሁ በሌላ በኩል ነው፦ እዚህ የሚደረግ ስልጠናና ስብሰባ ላይ መሥሪያ ቤታችሁ ሰው ላክ ሲባል ትኬትም አልጋም የማይፈልግ ተሳታፊ እናንተ ናችሁ። አለቃችሁ ይህንን እንዲያውቅ አድርጉ።

ገና የተመረቅኩ ነኝ፣ ልምድ የለኝም። ለእኔ የሚሆን ምን አለ?

የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎትን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው። ዕድሜ ከ18 እስከ 35፣ ጊዜው 12 ወር፣ ምደባው ብዙ ጊዜ ከራስ አገር ውጭ። በጤና ዘርፍም ይመድባል። በጎ ፈቃድ ስለሆነ የበጎ ፈቃድ ልምድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ቀይ መስቀል ውስጥ፣ በክረምት አገልግሎት፣ በወጣት ማዕከል የሠራችሁትን ማስረጃ ያዙ። ያኔ እንደ ቀላል ያለፋችሁት ወረቀት አሁን ዋጋ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኢንተርንሺፕም አለ። ቢያንስ 20 ዓመት የሞላው፣ ሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጨረሰ ማመልከት ይችላል። ከ6 እስከ 24 ሳምንት ነው። ድሮ ክፍያ አልነበረውም፣ ስለዚህ የሚሄደው የሀብታም ልጅ ብቻ ነበር። ወጣቶች ራሳቸው ለዓመታት ታግለው ነው ከ2020 ጀምሮ አበል እንዲከፈል ያደረጉት። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ፍትሃዊነት ላይ የሚሠራ ድርጅት ራሱ በሩን ለድሃ ልጅ ያልከፈተበት ጊዜ ነበር፣ የተከፈተው ስለተጠየቀ ነው።

የኮፊ አናን የዓለም አቀፍ ጤና አመራር ፕሮግራም ላይ "ላመልክት ወይ?" የሚሉኝ አዲስ ተመራቂዎች አሉ። እሱ ለመካከለኛና ለከፍተኛ ኃላፊዎች ነው። አሁን ጊዜያችሁን አታጥፉበት፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችሁ ንገሩት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፣ ዲግሪ የለኝም። እኔን ማን ይሰማኛል?

ይሄ ጥያቄ ነው በጣም የሚያሳስበኝ።

እህቴ፣ የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች የአንድ ዓመት ስልጠና ወስደው በየቀበሌው ወጡ። በኋላ ሌሎች የአፍሪካ አገራት ልምድ ሊቀስሙ መጡ። አገራችን በዓለም መድረክ በጤና ከምትጠራባቸው ነገሮች አንዱ የእናንተ ሥራ ነው። መድረኩ ላይ ቆሞ የሚያቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፣ አንድም ቀን በር አንኳኩቶ የማያውቅ።

ለእናንተ ለራሳችሁ የተዘጋጀ ጉባኤ አለ። ዓለም አቀፍ የማህበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሲምፖዚየም ይባላል። የመጀመሪያው በ2017 ካምፓላ፣ ሦስተኛው በ2023 ሞንሮቪያ ነበር። የማህበረሰብ ጤና ሠራተኞች ራሳቸው ተናጋሪ ሆነው የሚመጡበት ነው።

እንዴት ትግቢ? ብቻሽን ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ከጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጥናት ሊሠራ ከመጣ ሰው ጋር ተጣመሪ። ብዙ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ሊሰበስብ ሲመጣ መንገድ የምታሳዪው፣ ቤት የምታስከፍቺለት አንቺ ነሽ። ያኔ በግልጽ ጠይቂ፦ "ስሜ ከጸሐፊዎቹ መካከል ይገባል ወይ?" ለጥናቱ ሐሳብ ካዋጣሽ፣ ውጤቱን ካነበብሽና ካረምሽ ይገባሻል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት።

ትችላላችሁ። እንዲያውም ትፈለጋላችሁ። የአፍሪካ መድኃኒቶች ኤጀንሲን ውሰዱ። ስምምነቱ የጸደቀው በ2019፣ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 2021፣ መቀመጫው ኪጋሊ ነው። የመድኃኒት ደህንነት ጉዳይ ቢሆንም እዚህ ያደረሰው የሕግ ባለሙያዎች ሥራ ነው። የጤና መድን የኢኮኖሚ ባለሙያ ይፈልጋል። የጤና በጀት የት ገባ ብሎ የሚከታተል ጋዜጠኛ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

ጥናት ለመሥራት ገንዘብ የለኝም። በምን ልወዳደር?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ጉባኤ ለማቅረብ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም። የሚጠየቀው አብስትራክት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 300 ቃል ገደማ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን አገኛችሁ፣ ምን ማለት ነው። አራት ነገር። ብዙዎቹ ጉባኤዎች ከጥናት ሌላ "የሥራ ልምድ" የሚል ዘርፍ ስላላቸው በጤና ጣቢያችሁ የሠራችሁትን ለውጥ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ርዕስ አጣሁ የሚል የዳር ሰው ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል። የኮንዶሚኒየም ሳይት በሺዎች የሚቆጠር አባወራ ገብቶበት ጤና ጣቢያው ስንት ዓመት ቆይቶ መጣ? በዚያ መሃል እርጉዝ ሴቶች የት ሄዱ? መታወቂያው የሌላ ወረዳ የሆነ ተከራይ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለመሆን ምን ያጋጥመዋል? የግንባታ ሥራ ላይ ያሉ፣ በየሳይቱ በቆርቆሮ ቤት የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ልጆች ክትባት የት ያገኛሉ? አምቡላንስ ብሎክ ቁጥር ሳይኖር ቤት እንዴት ያገኛል? እያንዳንዱ የራሱ አብስትራክት ነው፣ ኪጋሊም ደርባንም የሚሰማው ያገኛል፣ ምክንያቱም ናይሮቢም ሉሳካም ሌጎስም ዳር ዳራቸው በዚሁ ፍጥነት እየሰፋ ነው።

መረጃውስ? የጤና ጣቢያው መዝገብ አለ። ሪፖርቱ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ይገባል። የአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት ለሁሉም ክፍት ነው። ለማንበብ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የሚባል አገልግሎት አለው፣ በዚያ በኩል የኢትዮጵያ ተቋማት የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች በነጻ ያገኛሉ። የዩኒቨርሲቲያችሁን ወይ የሆስፒታላችሁን ቤተ መጻሕፍት የይለፍ ቃሉን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ማንም ስለማይጠይቅ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ለማሳተምም ቢሆን ብዙ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያ ይተዋሉ፣ ግን ሲላክ መጠየቅ አለበት፣ ጽሑፉ ካለፈ በኋላ ከባድ ነው።

አንድ ነገር አትዝለሉ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ። ከመዝገብ ላይ መረጃ መውሰድም ፈቃድ ይፈልጋል። ሥራችሁ በአዲስ አበባ አስተዳደር ከሆነ የከተማው ጤና ቢሮ፣ በሸገር ከተማ ክልል ከሆነ ደግሞ የኦሮሚያ ጤና ቢሮ ነው የሚመለከተው። በእኛ አካባቢ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላ አስተዳደር ስለምትገቡ ይህን ከመጀመሪያው አጣሩ። ፈቃዱ ሳምንታት ይወስዳል፣ የጉባኤው ቀን ግን አይጠብቃችሁም።

ማስተርስ በነጻ መማር እፈልጋለሁ። የት?

አገር ውስጥ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፣ ሁለት ዓመት ነው፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በሥራ ላይ፣ ወረርሽኝ ባለበት። ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይመቻችሁ ከሆነ የእናንተ ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ ቡታሮ የሚባል ገጠር የዓለም አቀፍ ጤና ፍትሃዊነት ዩኒቨርሲቲ አለ። ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የሚባል ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው በ2015 የመሠረተው። ስሙ ላይ ያለው ፍትሃዊነት በቦታ ምርጫውም ይታያል፣ ዋና ከተማውን ትቶ ገጠር ነው የገባው። ከአፍሪካ ለሚመጡ ተማሪዎች ከፍተኛ የክፍያ ድጋፍ ያደርጋል።

ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ቺቭኒንግ የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ፣ ማመልከቻው በፈረንጆቹ ነሐሴ አካባቢ ይከፈታል፣ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ተመልሳችሁ አገር ውስጥ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ለጀርመን ዳድ (DAAD) የሚባል ስኮላርሺፕ አለ፣ እሱም የሥራ ልምድ ይፈልጋል።

የግል ኮሌጅ ምሩቆች "እኛንስ ይቀበሉናል?" ይላሉ። ኮሌጁ ዕውቅና ካለውና ዲግሪው የተረጋገጠ ከሆነ ይቀበላሉ።

ሰነድ ላይ የሚያጋጥም ጣጣ ምንድን ነው?

ኮስት ሼሪንግ። ሌላ የለም ማለት ይቻላል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ የወጪ መጋራቱን ካልጨረሳችሁ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይሰጣችሁም፣ በእጃችሁ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስረጃ፣ ብቻ ነው። አንዳንዱ ዕድል ቴምፖና የተማሪ ኮፒ ለመጀመሪያ ደረጃ ይቀበላል፣ ስታልፉ ግን ዋናውን ይላል። ስለዚህ ዕድሉ ከመምጣቱ በፊት ጨርሱት፣ ወይም ቢያንስ ስንት እንደቀረባችሁ እወቁ።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ደግሞ አለቃችሁን ባዶ እጃችሁን አትሂዱበት። የሠራችሁትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ፣ የዕድሉን ማስታወቂያ አያይዛችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ስጡት።

የሚጭበረበር ሰው በዝቷል። እንዴት ልለይ?

ለማመልከት፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ለቪዛ "ማስኬጃ" ገንዘብ ክፈሉ ካሉ ሌባ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረትም የተባበሩት መንግሥታትም ድርጅቶች በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ላይ ገንዘብ አይጠይቁም። በቴሌብር ላክ የሚል "የኅብረቱ ሠራተኛ" የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ረቀቅ ያለ ነው። ስማችሁን ጠርቶ "የተከበሩ ተመራማሪ፣ በጉባኤያችን ዋና ተናጋሪ እንዲሆኑ ጋብዘናል" ይላል። ከተማው ያምራል፣ የምዝገባው ክፍያ በዶላር ነው። አዘጋጁ ማን ነው? ባለፈው ዓመት የት ተደረገ? ማን ተናገረ? አብስትራክት ልካችሁ በማግስቱ "ተቀብለናል" ካሏችሁ ተጠራጠሩ። እውነተኛ ጉባኤ ላይ ሰው ያነበዋል፣ ማንበብ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

እውነተኛ ጉባኤም የምዝገባ ክፍያ እንዳለው ግን እወቁ። ትልልቆቹ ለተማሪና ለአፍሪካውያን ቅናሽ ያደርጋሉ፣ አብስትራክታቸው ላለፈ ጥቂት ሰዎች ጉዞና ሆቴል ይሸፍናሉ። ቅጹ ላይ "ድጋፍ ትፈልጋላችሁ ወይ?" የሚል ጥያቄ ካለ አዎ በሉ፣ ምክንያቱንም በደንብ ጻፉ። ይሉኝታ ይዟችሁ ባዶ አትተዉት።

አሜሪካ እርዳታ ካቆመች በኋላ ዕድል የሚባል ነገር ቀርቷል እንዴ?

ቀንሷል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ ፈርሷል፣ እዚህ አገርም በፕሮጀክት ኮንትራት ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል፣ ከነሱ መካከል ጎረቤቶቻችን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም የ2026 እና 2027 በጀቱን 21 በመቶ ቀንሶ ወደ 4.2 ቢሊዮን ዶላር አውርዶታል። የኢንተርንሺፑም የቅጥሩም ቦታ ጠበብ ብሏል።

ግን ውይይቱ የት እንደሄደ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ፣ ቃሉን የጠበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አሁን የውጭ ገንዘብ ሲደርቅ ያ ቃል እንደገና ጠረጴዛ ላይ መጣ። በነሐሴ 2025 አክራ ላይ የአፍሪካ የጤና ሉዓላዊነት ጉባኤ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። አህጉሩ በ2040 ከሚያስፈልገው ክትባት 60 በመቶውን ራሱ ለማምረት ዕቅድ ይዟል።

ስለዚህ አሁን አዲስ ነገር ለመማር የምትመርጡ ከሆነ የጤና ፋይናንስ ተማሩ። የጤና መድን፣ የበጀት ክትትል፣ የመድኃኒት ግዢ። አገራችን የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ጀምራ ነው ወደ አገር ያስፋፋችው። መዋጮውን ከፍሎ "መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ" የተባለ ሰው ምን እንደሚሰማው የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህንን በቁጥር አስደግፎ የሚያስረዳ ሰው በሁሉም አገር ይፈለጋል።

ጉባኤ መሄዱስ ይቅርብኝ። የሠፈሬ ጉዳይ ላይ ፖሊሲ እንዴት ነው የምነካው?

ጥሩ። እኔ ከዚህ ጀምሩ ነው የምለው።

ጤና ጣቢያዎች የሕዝብ ክንፍ የሚባል መድረክ አላቸው፣ ነዋሪው ስለ አገልግሎቱ የሚናገርበት። ቦርድም አላቸው፣ የማህበረሰብ ተወካይ ያለበት። በብዙ ቦታ ነዋሪው ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበት አሠራርም አለ። የእናንተ ጤና ጣቢያ ቀጣዩ መድረክ መቼ ነው? ተወካያችሁ ማን ነው? ሄዳችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ጥቂት እናቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፣ ወጣት አይታይም። አንድ የተማረ ወጣት የስድስት ወር የመድኃኒት እጥረት በሠንጠረዥ ይዞ ቢቆም ስብሰባው ይቀየራል።

ከፍ ሲል ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ። የጤና ረቂቅ አዋጅ ሲመጣለት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ይጠራል። የሙያ ማህበራት ይገኛሉ። ማህበራችሁ ውስጥ አባል ሁኑና አስተያየቱ ሲጻፍ እጃችሁ ይኑርበት።

ይህ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ማመልከቻ ላይ ይገባል። "በፖሊሲ ላይ ያሳደራችሁት ተጽዕኖ" የሚል ጥያቄ የሌለበት ፌሎሺፕ የለም ማለት ይቻላል። ወረዳ ላይ ያስቀየራችሁት አንድ ነገር በሆቴል ከተሳተፋችሁባቸው ስልጠናዎች ዝርዝር ይበልጣል።

መብራትና ኔትወርክ እያስቸገረኝ ነው። ቀኑ ያልፍብኛል።

ቅጹ ላይ አትጻፉ። ጥያቄዎቹን ገልብጣችሁ ስልክ ላይ ወይም ወርድ ላይ መልሱ፣ ከዚያ ለጥፉ። የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ ከሁለት ቀን በፊት ላኩ፣ ምክንያቱም በመጨረሻው ሌሊት ድረ ገጹ ራሱ ይጨናነቃል።

ሰዓቱን ደግሞ በደንብ ቁጠሩ። በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር 23:59 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 5:59 ነው። ጂኤምቲ ካለ ግን ከሌሊቱ 8:59 ይሆናል። ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ "ሴፕቴምበር 11" ሲባል የእኛ እንቁጣጣሽ መሆኑን አስቡ፣ ያን ዕለት ቤት ውስጥ ማን ላፕቶፕ ይዞ ይቀመጣል?

አልፌያለሁ! ለጉዞው ምን ላዘጋጅ?

እንኳን ደስ ያላችሁ! ፓስፖርት ከሌላችሁ ግን ዘግይታችኋል፣ ዛሬውኑ ጀምሩ። እንዲያውም አብስትራክት ስትልኩ ነው መጀመር የነበረበት።

ቪዛ እንደ አገሩ ነው። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ክፍት አድርጋለች፣ ጉባኤዎች ኪጋሊ ላይ የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን ቪዛ ትፈልጋለች፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫም፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ትጠይቃለች፣ ስለዚህ ከአዘጋጁ የግብዣ ደብዳቤ ቶሎ አስላኩ። የአፍሪካ ጤና ጉባኤ ላይ አፍሪካዊ ቪዛ አጥቶ መቅረቱ በጣም ያናድዳል፣ አዘጋጆቹንም ይህን በግልጽ ንገሯቸው፣ አገር ሲመርጡ ሊያስቡበት ይገባል።

የቢጫ ወባ ካርድም አትርሱ። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚገኝባቸው አገራት ውስጥ ስለምትቆጠር ብዙ አገር ከኛ ለሚሄድ ሰው ይጠይቃል። ክትባቱ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ካርዱ የሚሠራው ግን ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራው ሳምንት አትሩጡ።

የመጨረሻው ነገር የጉዞ አበል ነው። አንዳንድ አዘጋጅ በቅድሚያ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ከተመለሳችሁ በኋላ በደረሰኝ ይተካል። ሁለተኛው ከሆነ ለዚያች ሳምንት የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደምታመጡ ሳታውቁ ቲኬት አትቁረጡ፣ አስቀድማችሁ ጻፉላቸውና አቅም እንደሌላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቀድመው ይከፍላሉ።